«እንደ ፎቶግራፍ»፦ ፖል ስትራንድና የገለጻ ጥያቄ

በሥነ ጽሑፍ ሂሳችን ውስጥ አንድ የተለመደ የሙገሳ ቃል አለ። አንድ ደራሲ የገበያ ቀን ግርግርን፣ የአንዲት ባልቴትን ፊት ወይም የአንድን ደሳሳ ጎጆ ውስጡን አብራርቶ ሲጽፍ «እንደ ፎቶግራፍ አድርጎ አሳይቶናል» እንላለን። እኔም ብያለሁ። የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም በኅዳጉ ላይ ይህንኑ ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁ ቈጥሬው አላውቅም። ቃሉ ሲነገር የሚታሰበው ነገር ግልጽ ነው፤ ደራሲው ከራሱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ወገን ሳይዝ፣ ያየውን እንዳለ አቀረበ ማለት ነው። ለመሆኑ ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ነገር ነውን?

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የማነሣው ፖል ስትራንድ የተባለውን አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሕይወትና ሥራ በመመርመር ነው። ስትራንድን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ቀጥተኛ» የሚባለውን ዘመናዊ የፎቶግራፍ ስልት ካቋቋሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ «እንደ ፎቶግራፍ» ስንል ሳናውቀው የምናስበውም የእሱን ዓይነት ፎቶግራፍ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ከዘመኑ ባለሙያዎች መካከል ፎቶግራፍን ከጽሑፍ ጋር በመጽሐፍ ለማጋባት እንደ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ብዙ አይገኝም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስትራንድ በጥቅምት 1890 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከቦሄሚያ፣ ማለት ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ የፈለሰ የአይሁድ ወገን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ ካሜራ ሰጠው። በ1904 ኤቲካል ከልቸር ከሚባለው ትምህርት ቤት ገባ፤ የሕይወቱ አቅጣጫ የተወሰነውም እዚያ ነው ለማለት ይቻላል። ፎቶግራፍ ያስተማረው ሉዊስ ሃይን ነበር። ሃይን በኤሊስ ደሴት በኩል የሚገቡትን ስደተኞች፣ ኋላም በፋብሪካና በከሰል ማዕድን ውስጥ የሚሠሩትን ሕፃናት ፎቶግራፍ እያነሣ ሕግ እንዲለወጥ የታገለ ሰው ነው። ይኸው መምህር ተማሪዎቹን አንድ ቀን አምስተኛ ጐዳና ቁጥር 291 ወደሚገኘው የአልፍሬድ ስቲግሊትዝ አነስተኛ የሥዕል አዳራሽ ይዟቸው ሄደ። ስቲግሊትዝ ደግሞ ፎቶግራፍ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ እኩል ኪነ ጥበብ ነው ብሎ የሚሟገት፣ ለዚህም «ካሜራ ወርክ» የተባለ መጽሔት የሚያሳትም ሰው ነበር። ስለዚህ ተማሪው ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሁለት አባቶች አገኘ፤ አንደኛው ካሜራ ምስክር ነው የሚል፣ ሁለተኛው ካሜራ ጥበብ ነው የሚል። እንደ እኔ ግምት የስትራንድ ሥራ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ጉተታ ነው።

በዚያን ጊዜ የፎቶግራፍ ጠበቆች ሁሉ አንድ ችግር ነበረባቸው። ፎቶግራፍ የመሣሪያ ሥራ እንጂ የእጅ ጥበብ አይደለም ለሚሉት ሰዎች መልስ ይሆናል ብለው ፎቶግራፍን ሥዕል ለማስመሰል ይጥሩ ነበር። ምስሉን በሚያለዝብ ሌንስ ያነሣሉ፤ በማተሚያ ወረቀቱ ላይ በብሩሽ ይሠራሉ፤ ውጤቱ ጭጋግ የወረደበት የወንዝ ዳር፣ ፊቷ በውል የማይለይ ነጭ ለባሽ ሴት ይሆናል። ስትራንድም በወጣትነቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሥራዎቹን ለስቲግሊትዝ ሲያሳይ ያገኘው ምክር ግን ከዚያ አወጣው። የምክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ የሚያለዝበው ሌንስ ሁሉን ነገር አንድ ያደርገዋል፤ ሣሩም ውኃውም የዛፉ ቅርፊትም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱ የሆነው ጠባይ ይጠፋል። ይህን ነገር ለተማሪዎች ሳስረዳ ወደ ሙያችን መልሼ ቅጽል የሚያበዛውን ጸሐፊ አነሣለሁ። ተራራው ግርማ ሞገስ ያለው፣ ወንዙ ግርማ ሞገስ ያለው፣ ሽማግሌው ግርማ ሞገስ ያላቸው ሲሆኑ አንባቢ ተራራውንም ወንዙንም ሽማግሌውንም አያያቸውም።

ስትራንድ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ምስሉን አጠራ። በ1915 ያነሣው «ዎል ስትሪት» የዚህ ለውጥ የመጀመሪያው ታላቅ ውጤት ነው። ሥዕሉ የሚያሳየው የሞርጋን ባንክን ሕንፃ ነው። በግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚበልጡ፣ ወደ ውስጥ የገቡ፣ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ መስኮቶች ናቸው፤ ግን ምንም አያሳዩም። ከሥራቸው ዝቅ ባለ ፀሐይ ረጃጅም ጥላ የሚጐትቱ ጥቂት ሰዎች ይራመዳሉ። አንዱም ፊት የለውም። ሥዕሉ ስለ ባንኩ አንድ ቃል ሳይናገር የገንዘብን ኀይልና የሰውን ማነስ በመጠን ብቻ ይናገራል።

በ1916 በጋ ወደ ኮኔቲከት፣ ትዊን ሌክስ ወደሚባል ቦታ ሄዶ ሌላ ሙከራ አደረገ። የፒካሶንና የብራክን ሥዕሎች በስቲግሊትዝ አዳራሽ አይቷቸው ነበርና እነዚያ ሠዓሊዎች የሚያደርጉትን በካሜራ ለመረዳት ፈለገ። የወጥ ቤት ጎድጓዳ ሳሕኖችን በቅርብ አነሣ። የበረንዳ መከታ ጥላውን በክብ ጠረጴዛ ላይ ሲጥል፣ ካሜራውን አዘንብሎ፣ ጠረጴዛው ጠረጴዛ መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ቀረጸው። ይህ ልምምድ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ሥዕል እምብዛም አልደገመውም፤ ትምህርቱን ግን ይዞት ወጣ። በዚያው ዓመት ፖርት ኬንት ላይ ባነሣው ነጭ የእንጨት አጥር ላይ ትምህርቱ ይታያል። ወጣ ገባ የሆኑ የአጥር እንጨቶች ፊት ለፊት ተገትረዋል፤ ከኋላቸው ጨለማ ሣርና ቤቶች አሉ። እኛ በቅኔ ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብልን ወርቁን ለመፈለግ እንቸኩላለን፤ አጥሩ ምንን ይወክላል እንላለን። ከዚህ አጥር ሥር ግን የተቀበረ ወርቅ የለም። ሰሙን ትኩር ብሎ ማየት ነው የተፈለገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በዚሁ በ1916 ስትራንድ በኒው ዮርክ ድኾች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች የሰዎችን ፊት በቅርብ ማንሣት ጀመረ። ሰዎቹ ካሜራ እንዳዩ ፊታቸውን ስለሚያስተካክሉ መላ ፈጠረ። በካሜራው ጐን ላይ የሚያብረቀርቅ ሐሰተኛ ሌንስ ገጠመ። ሐሰተኛው ሌንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ እውነተኛው ከክንዱ ሥር ወደ ሌላው ያይ ነበር። ሰውየው «እኔን አይደለም የሚያነሣው» ብሎ ተዝናንቶ ሳለ ፊቱ ይወሰዳል። ከእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ የላቀውና የታወቀው ማየት የተሳናቸውን ሴት የሚያሳየው ነው። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው በድንጋይ ግንብ ሥር ቆመዋል። አንዱ ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ሌላው ተከፍቶ ወደ ጐን ያዘነበለ ነው። በአንገታቸው ላይ በትልልቅ ፊደል ማየት እንደማይችሉ የሚናገር አንድ ቃል የተጻፈበት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ከሰሌዳው በላይ የከተማው አስተዳደር የሰጣቸው የአዟሪነት ፈቃድ ምልክት በልብሳቸው ላይ ተለጥፏል።

በዚህ ሥዕል ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ እንቍጠር። የሴትዮዋ ዓይን አያይም። ሐሰተኛው ሌንስ አያይም። የሚያየው የተደበቀው ብቻ ነው፤ እኛም በእሱ በኩል እናያለን። ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ ለእሳቸው ማታለያው አለማስፈለጉ ነው። ስትራንድ ካሜራውን ፊት ለፊት ቢደግንባቸውም አያዩትም ነበር። ቀጥተኛ የተባለው ስልት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያሳያል የተባለው፣ ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዱን ያስገኘው በማጭበርበሪያ ነው። ስትራንድ በስተርጅናው ስለዚህ ሲጠየቅ ሰዎቹን ለመበዝበዝ እንዳላሰበ፣ ይልቁንም ሕይወት ያደቀቃቸውን ሰዎች ክብር ለማሳየት መነሣቱን ተናግሯል። አምነዋለሁ። ጥያቄው ግን በዚህ አይዘጋም።

አንድ ጊዜ ይህን ሥዕል ክፍል ውስጥ አሳይቼ፣ ተማሪዎች በአንድ አንቀጽ እንዲገልጹት አዘዝሁ። ትእዛዜ «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ አስተያየት አትጨምሩ» የሚል ነበር። ወረቀቶቹን ስሰበስብ ግማሾቹ «ቆማለች»፣ ግማሾቹ «ቆመዋል» ብለው ጽፈዋል። ስለ ሰሌዳው ቃልም እንዲሁ ተከፋፍለዋል። አንዳንዶቹ «ዕውር የሚል ጽሑፍ» አሉ፤ አንዳንዶቹ «ዓይነ ሥውር» አሉ፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ ቃሉን መተርጐም አልፈልግም ብላ «አለማየታቸውን የሚገልጽ ቃል» ብላ አለፈችው። ትእዛዜ የማይፈጸም እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ካሜራ አንቺና እርስዎ አያውቅም። አማርኛ ግን ያውቃል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ገና ማሠሪያ አንቀጹ ላይ ሳይደርስ ከሚገልጸው ሰው ጋር ያለውን ዝምድና መወሰን አለበት፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። በልቦለዶቻችን ውስጥ ተራኪው ጌታውን «መጡ» አሽከሩን «መጣ» ሲል «እንደ ፎቶግራፍ» የተገለጸ ነገር የለም፤ አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ አለ። ይህን ስል ፎቶግራፉ ፍርድ የለበትም ማለቴ አይደለም። ፍርዱ ከሥዕሉ ውጪ፣ በካሜራው ጐን ላይ ስለ ነበረ ነው የማይታየን።

ስለ ርእሱም ልናገር። ስቲግሊትዝ በሰኔ 1917 የወጣውን የመጨረሻውን «ካሜራ ወርክ» በሙሉ ለስትራንድ አሥራ አንድ ሥራዎች ሲሰጥ ይህ ሥዕል የታተመው «ፎቶግራፍ - ኒው ዮርክ» በሚል ርእስ ነበር። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስሙም ከሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ ለምጽዋትና ለሥራ ሲሉ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ቃል የኪነ ጥበብ ሥራ ርእስ ሆነ። ዎከር ኤቫንስ፣ ኋላ ራሱ ከታላላቆቹ የተቈጠረው፣ በወጣትነቱ በኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ይህን መጽሔት ገልጦ ሥዕሉን ሲያይ መንገዱን እንዳገኘ ተናግሯል። ተጽዕኖው እስከዚህ ድረስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ዓመታት በፍጥነት አልፋቸዋለሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ሆኖ አገለገለ። ከቻርልስ ሺለር ጋር «ማንሃታ» የተባለውን ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፊልም ሠርቶ በ1921 ታየ። ይህ ፊልም ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሚነግረን አለ። በምስሎቹ መካከል የሚነበቡት ጽሑፎች የዋልት ዊትማን ስንኞች ናቸው። ዊትማን በ1892 ስለ ሞተ ሙታን ከሕያዋን ጋር እንዲሠሩ የተደረገበት ሥራ ነው። ስንኞቹ ከተማይቱን ያወድሳሉ፤ ምስሎቹ ግን ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆነው ሰውን እንደ ጕንዳን ያሳያሉ። ቃሉ ወደ አንድ ወገን፣ ምስሉ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሠሪዎቹ ይህን አስበው እንዳደረጉት እጠራጠራለሁ።

በ1932 በሙዚቃ ደራሲው በካርሎስ ቻቬዝ ጋባዥነት ወደ ሜክሲኮ ሄደ። በዚያም የሕንዶችን ፊት ሲያነሣ ወደ ጐን የሚያሳይ ፕሪዝም በሌንሱ ላይ እየገጠመ የድሮውን ብልሃት ደገመው። እነዚህ ሥዕሎች በ1940 በሃያ ቅጠል ተሰብስበው ታትመዋል። በዚያው አገር ስለ ዓሣ አጥማጆች አድማ የሚናገረውን «ሬዴስ» የተባለ ፊልም ቀረጸ፤ አብዛኞቹ ተዋንያን በአልቫራዶ የሚኖሩ እውነተኛ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ለአገሩ ሠራተኞች መብት የሚሟገቱ ፊልሞችን ከሚያዘጋጀው ማኅበር ጋር እስከ 1942 ድረስ ሠራ፤ የመጨረሻው ፊልም ተራኪ ታላቁ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ነበር። ሉዊስ ሃይን በዚህ ጊዜ ስቲግሊትዝን ረትቶታል ማለት ይቻላል።

ወደ ፎቶግራፍ ሲመለስ የተመለሰው በመጽሐፍ መልክ ነው። በ1945 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርእይ ያዘጋጀችለት ናንሲ ኒውሆል ነበረች። ከእሷ ጋር «ታይም ኢን ኒው ኢንግላንድ» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጅተው በ1950 አሳተሙ። እሱ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያን፣ ድንጋይ፣ የባሕር ዳር፣ የሽማግሌ ፊት አነሣ፤ እሷ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች ከጻፏቸው ደብዳቤዎች፣ ግጥሞችና ማስታወሻዎች መርጣ አስገባች። ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ስትራንድ የሚሳተፍበት «ፎቶ ሊግ» የተባለው ማኅበር በ1947 በመንግሥት አፍራሽ ተብለው ከተመዘገቡት ድርጅቶች መካከል ገብቶ ነበር። በ1950 አሜሪካን ለቅቆ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ በ1955 ከፓሪስ ብዙ በማትርቀው በኦርዥቫል መንደር ቤት ገዝቶ እስኪሞት ድረስ ኖረባት። ከጸሐፊው ክሎድ ሯ ጋር ስለ ፈረንሳይ የሠሩት መጽሐፍ በ1952 ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ጊዜ ጎንድቪል ላይ ያነሣው ወጣት በቍጣ ይሁን በጥያቄ በማይለይ ዓይን ፊት ለፊት ያየናል። የተደበቀ ሌንስ የለም። ወጣቱ ካሜራውን አይቶታል፤ እኛንም አይቶናል። ስሙ ግን አልተጻፈም።

ከሁሉ የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ስትራንድ የአንድን መንደር ሥዕል በሙሉ የሚያሳይ መጽሐፍ የመሥራት አሳብ ከድሮ ጀምሮ ነበረው። ቼዛሬ ዛቫቲኒን ያገኘው በ1949 ፔሩጃ ላይ በተደረገ የፊልም ጉባኤ ነው። ዛቫቲኒ «የቢስክሌት ሌቦች» የተባለውን የ1948ን ፊልም ከጻፉት መካከል ዋናው፣ የኢጣሊያ አዲስ እውነታዊነት አንደበት የነበረ ደራሲ ነው። ስትራንድ ብዙ መንደሮች ከታሰቡ በኋላ የዛቫቲኒን የትውልድ ስፍራ ሉዛራን መረጠ። ሉዛራ በፖ ወንዝ አጠገብ፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያለች፣ ለጐብኚ የሚታይ ተራራም ሐውልትም የሌላት የገበሬ መንደር ናት። ስትራንድ በ1953 እዚያ ሰንብቶ ባርኔጣ ሠሪውን፣ የልብስ ሰፊውን ተለማማጅ ልጃገረድ፣ የወተቱን ማንቈርቈሪያ፣ የግድግዳውን ልጥፍ አነሣ። መጽሐፉ «ኡን ፓኤዜ» ተብሎ በ1955 ቶሪኖ ላይ ታተመ።

ከሥዕሎቹ ሁሉ የሉዜቲ ቤተ ሰብ ሥዕል ይበልጣል። እናት ጨለማ በሆነው የበር መክፈቻ መካከል ቆመዋል። አምስት ወንዶች ልጆቻቸው በበሩ ዙሪያ፣ ገሚሱ ቆሞ ገሚሱ ተቀምጦ፣ በባዶ እግራቸው ያሉትም አሉ፤ ቢስክሌት ግድግዳውን ተደግፏል። ሁሉም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ያያሉ። አባት የሉም። በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት ፋሺስቶች ደብድበዋቸው ነበር፤ ጦርነቱ ሳይመጣ ሞተዋል። ፋሺስት የሚለውን ስም እኛ በሌላ በኩል ነው የምናውቀው፤ ይህን ሥዕል ስመለከት ግን ያው ዱላ በገዛ አገሩ ገበሬም ጀርባ ላይ ያረፈ መሆኑን አስታውሳለሁ። ሥዕሉ በጥንቃቄ የተደራጀ ነው፤ ማን የት እንደሚቆም ስትራንድ አስቦበታል፤ እነሱም ለመነሣት ብለው ቆመዋል። እንደ ዎል ስትሪት ሁሉ ጥቁር አራት ማዕዘን መካከሉን ይዟል። ልዩነቱ በዚህኛው ጥቁር መካከል እናት መቆማቸው ነው።

የመጽሐፉ ጽሑፍ አዘገጃጀት ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ዛቫቲኒ ስለ ሉዛራ ሰዎች አልጻፈም። አነጋግሯቸው፣ እያንዳንዳቸው «እኔ» እያሉ እንዲናገሩ አደረገ። ስንት መሬት እንዳላቸው፣ ምን እንደሚከፈላቸው፣ ከጦርነት ማን እንደ ተመለሰና ማን እንደ ቀረ፣ እሑድ ምን እንደሚበሉ ይናገራሉ። ከፊታቸው ፎቶግራፉ፣ ከሥሩ የገዛ ቃላቸው። እርግጥ መራጩና ቈራጩ ዛቫቲኒ ነው፤ ያልተመረጠው ንግግር ምን ይል እንደ ነበር መጠየቅ የሐያሲ ግዴታ ነው። ቢሆንም ሥነ ቃል ስንሰበስብ «አንድ አዛውንት እንደ ነገሩኝ» ብለን የምናልፈውን፣ የተናጋሪውን ስምና ኑሮ በግርጌ እንኳ የማንጠቅሰውን እኛን ይህ መጽሐፍ ያሳፍረናል። ከሐሰተኛው ሌንስ እስከዚህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኗል።

ስትራንድ ከዚህ በኋላ በዚሁ መንገድ ቀጥሏል ብል ደስ ባለኝ፤ አልቀጠለም። በ1954 በስኮትላንድ ምዕራብ ወደምትገኘው የሳውዝ ዊስት ደሴት ሄደ፤ በ1959 ወደ ግብፅ ሄደ፤ የሁለቱም መጻሕፍት ጽሑፍ የጸሐፊ ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያው የባዝል ዴቪድሰን፣ የሁለተኛው የጄምስ ኦልድሪጅ። ወደ ጋና የሄደው በ1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተበት ዓመት፣ በፕሬዚዳንት ንክሩማህ ጋባዥነት ነው። እስከ 1964 ድረስ እየተዘዋወረ የገበያ ሴቶችን፣ አለቆችን፣ አዲሶቹን ፋብሪካዎች፣ ተማሪዎችን አነሣ። አና አቲንጋ ፍራፍራ የተባለች ወጣት አክራ ላይ መጻሕፍት በራሷ ላይ ተሸክማ ቆማለች። እንስራና ቅርጫት በራስ ሲሸከሙ ማየት ለለመደ ዓይን ይህ ሥዕል ስለ አንድ ትውልድ ተስፋ ብዙ ይናገራል። ስሟም በሙሉ ተጽፏል። ንግግሯ ግን የለም። ስለ ጋና በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው የአፍሪካን ታሪክ አክብሮ የጻፈው እንግሊዛዊው ዴቪድሰን ነው። ዴቪድሰንን የማከብረው ሰው ነው፤ ሆኖም ሉዛራ ላይ ገበሬው «እኔ» ብሎ ከተናገረ በኋላ አክራ ላይ ተማሪዋ ዝም ማለቷ ወደ ኋላ መመለስ ይመስለኛል። መጽሐፉም ዘግይቶ በ1976 ሲወጣ ንክሩማህ በየካቲት 1966 ከሥልጣን ከተወገደ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሥዕሎቹ ሲነሡ ነገ የነበረው ሲታተሙ ትናንት ሆኗል።

ሌላም ጉድለት አለበት። በስትራንድ የኋለኞቹ መጻሕፍት ውስጥ ሰው አይስቅም። ገበሬው፣ አለቃው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሕፃኑ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጽሞና፣ በአንድ ዓይነት ክብር ይቆማሉ። ትልቅ ካሜራ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተተክሎ ሲጠብቅህ ጽሞና ሳይወድ በግድ ይመጣል፤ ይህ ይገባኛል። ግን ሃምሳ ሰው በተከታታይ ክቡር ሲሆን፣ ስቲግሊትዝ በሚያለዝበው ሌንስ ላይ ያነሣው ክስ ተመልሶ ይመጣል፤ ሣሩም ውኃውም አንድ ሆነ። ሁሉን ሰው እርስዎ ማለትም እንደ ሁሉን ሰው አንተ ማለት ሰውን ከሰው አይለይም። ወጣት ተማሪዬ የሰሌዳውን ቃል አልተረጕምም ያለችው ከዚህ ይሻል ነበር ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከቤቱ ብዙም አልራቀም። በኦርዥቫል የአትክልት ስፍራው ውስጥ የሚበቅለውን፣ የሚረግፈውን፣ ቅርንጫፍ ላይ የሚጠመጠመውን ሐረግ ያነሣ ነበር። ከእነዚህና ከሌሎች የሕይወቱ ዘመን ሥዕሎች በ1976 ሁለት ስብስቦች በጥሩ ኅትመት ወጡለት። በዚያው ዓመት መጋቢት 31 ቀን በሰማንያ አምስት ዓመቱ ሞተ።

የ1916ቱን ሥዕል አሁንም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አሳያለሁ፤ ትእዛዙን ግን ለውጬዋለሁ። ያያችሁትን ጻፉ፣ ስታዩ የት እንደ ቆማችሁም ጻፉ እላለሁ። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ የሴትዮዋ ስም ማን ነው ብለው ነው። ስትራንድ አልጠየቃቸውም፤ አልተመዘገበም። በልብሳቸው ላይ ያለው የፈቃድ ምልክት ቁጥር ግን ጥሩ ኅትመት ሲገኝ በአጕሊ መነጽር ይነበባል።